የእጅ ልሳን በአእምሮ ሐኪም ቤትና በመድረክ

አማርኛችን «ደነቆረ» በሚለው ግሥ ላይ ሁለት ሸክም ጭኖበታል። በአንድ ወገን ጆሮው መስማት ተሳነው ማለት ነው፤ በሌላው ወገን ዕውቀት አጣ፣ ማስተዋል ተሳነው ማለት ነው። ከዚሁ ግሥ የወጣው «ድንቁርና» የሚለው ስምማ የመጀመሪያውን ፍች ከሞላ ጎደል ጥሎ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ድህነት፣ ድንቁርናና በሽታ የሕዝብ ጠላቶች ተብለው በአንድ ረድፍ በተሰለፉበት ዘመን፣ በተለይም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ መምህሩም ካድሬውም ከያኒውም ድንቁርናን ለመደምሰስ ሲዘምት፣ በ1963 ዓ.ም. የተመሠረተው የመስማት የተሳናቸው ዜጎች ብሔራዊ ማኅበር ስምንት ዓመት ያህል ዕድሜ ነበረው። የማኅበሩ አባል እንግዲህ የገዛ አካሉ ሁኔታ የጠላት ስም ሆኖ በመፈክር ተጽፎ ያነብ ነበር፤ ማንበብ የቻለው ማለት ነው። እንግሊዝኛም ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለም፤ ድዳን የሚጠራበት ቃል ጅልንም ይጠራበታል።

ቃሉ በቃልነቱ ቢቀር ኖሮ ነገሩ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች በተተወ ነበር። ነገር ግን መስማት ለተሳነው ሰው የተሰጠው ስም ከ«አላዋቂ» ወደ «ጅል»፣ ከ«ጅል» ደግሞ ወደ «እብድ» ሲንሸራተት፣ ጉዳዩ የፍርድ ቤትና የሐኪም ቤት ይሆናል። ይህ መንሸራተት በብዙ አገር ታይቷል። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው በሰሜን አሜሪካ የደረሰውን ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ አገር የተዘጉ መዛግብት በክስና በምርምር ተከፍተው የአንድን ሰው ሕይወት ከሞላ ጎደል ከዓመት ወደ ዓመት ለመከተል አስችለዋል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ የሚመለከተው የሥነ ጥበብ ሰዎችን ነው፤ መስማት ለተሳናቸው ሕሙማን የአእምሮ ሕክምና ገንዘብ የመደበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለመጀመሪያው ቋሚ የእጅ ቋንቋ ቴአትር ገንዘብ የመደበው መሥሪያ ቤት ራሱ ነበር።

ጁኒየስ ዊልሰን በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት፣ በዊልሚንግተን ከተማ አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ተወለደ። ጥቁር ነበር፤ አይሰማምም ነበር። በ1916 ራሌይ በምትባለው የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደሚገኘው የጥቁር ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ትምህርት ቤት የባርነት ሥርዓት በፈረሰ በአራተኛው ዓመት፣ በ1869፣ የተከፈተና በአሜሪካ ለጥቁር መስማት የተሳናቸው ልጆች ከተቋቋሙት ሁሉ ቀዳሚው ነው። ዊልሰን በዚያ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ፤ ከእኩዮቹም የሚነጋገርበትን የእጅ ቋንቋ ያገኘው እዚያው ነው። ቋንቋው ግን የነጮቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች የሚነጋገሩበት አልነበረም። የዘር መለያየት ሕግ ሕፃናቱን በሁለት ግቢ ስለከፈላቸው እጃቸውም በሁለት ልሳን ተከፈለ፤ የራሌይ ልጆች ምልክት ከራሌይ ትምህርት ቤትና ከዚያ ከወጡት ሰዎች አልፎ የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምፀት አለ። በ1880 በሚላኖ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የመምህራን ጉባኤ ላይ ከተሰበሰቡት 164 ተወካዮች መካከል መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጉባኤው መስማት የተሳናቸው ልጆች ከንፈር በማንበብና አፍን በማለማመድ ብቻ እንዲማሩ፣ የእጅ ምልክትም ከክፍል እንዲወጣ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች የልጆችን እጅ ማሰር፣ መምታት፣ በወንበር ስር ማስደበቅ ያዙ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራቸው ተባረሩ። ይህ «አዲስ ዘዴ» ግን ብዙ መምህርና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለነበር ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች የሚተርፍ አልሆነም። ስለዚህም በንቀት የተነፈጋቸው ነገር የእጅ ቋንቋቸውን አተረፈላቸው። በነጮቹ ዘንድ ምልክት ሲታፈን በእነራሌይ እንደልብ ሲነገር ቆየ። ችግሩ ያን ቋንቋ ከግቢው አጥር ውጪ የሚሰማው ዓይን አለመኖሩ ነበር።

ዊልሰን በ1924 በጥቃቅን ጥፋት ሰበብ ከትምህርት ቤት ተባርሮ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ቤተሰቡ ሰሚ ነው፤ የእጁን ነገር አያውቅም። በዓመቱ፣ በ1925፣ ለቤተሰቡ ቅርብ የነበረ ሰው ሚስቴን ሊደፍር ሞከረ ብሎ ከሰሰው። ጥቁር ወጣት በዚህ ወንጀል ሲከሰስ በዚያን ጊዜው የአሜሪካ ደቡብ ምን ይጠብቀው እንደነበር አንባቢ አይስተውም። ዳኞቹ ግን ወደ ወንጀሉ ፍሬ ነገር ሳይገቡ የአእምሮውን ነገር እንመርምር አሉ። ምርመራው የተካሄደው በንግግር ነው፤ ተመርማሪው የሚናገረው በእጁ ነው። እብድ ነው ተብሎ ተፈረደበት። በኅዳር ወር 1925፣ በ17 ዓመቱ፣ በጎልድስቦሮ ከተማ ወደሚገኘው የጥቁር አእምሮ ሕሙማን መንግሥታዊ ሐኪም ቤት ተላከ። ያ ሐኪም ቤት ደግሞ የተከፈተው በዚያው በ1880 ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንዱ የዓለም ጫፍ የእጅ ቋንቋ ሲታገድ፣ በሌላው ጫፍ የእጅ ተናጋሪው የሚዘጋበት በር ተከፈተ ማለት ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ሆኖም ለጸሐፌ ተውኔት እንዲህ ያለውን ግጥምጥሞሽ ዝም ብሎ ማለፍ ከባድ ነው።

በ1932 ዊልሰንን አኮላሹት። ለቀረበበት ክስ ፍርድ ሳይሰጥ ቅጣቱ በሐኪም ቢላዋ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ገራም ሆኗል ተባለና በሐኪም ቤቱ እርሻ ላይ እንዲሠራ ተደረገ፤ ዓመታት በዓመታት ላይ ተደራረቡ። ከ1929 እስከ 1974 ባለው ጊዜ ሰሜን ካሮላይና «ለመውለድ ያልተገቡ» ያላቸውን 7,600 ያህል ሰዎች አምክኗል። አስተሳሰቡም የአንድ ክፍለ ግዛት ብቻ አልነበረም። የዘር ማጥራት ትምህርት፣ ዩጀኒክስ በሚል የሳይንስ ካባ ለብሶ፣ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ ነበር። ናዚ ጀርመን በሐምሌ 1933 ባወጣችው ሕግ በዘር የሚተላለፍ የመስማት ጉድለት ከሚያስመክኑት «በሽታዎች» አንዱ ሆኖ በስም ተጠቀሰ፤ በዚህ ሕግ 17,000 ያህል መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንደመከኑ ይገመታል።

የነገሩ ጠመዝማዛነት የሚታየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የመጀመሪያውን ሥርዓት ያለው የአእምሮ ሕክምና ጥናት የመራው ሐኪም ፍራንዝ ካልማን ከዚሁ የጀርመን ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው። የአእምሮ በሽታን የዘር ውርስ ያጠና ነበር፤ በ1935 በርሊን ላይ በተደረገ ጉባኤም የሕሙማን ዘመዶች ጭምር እንዲመክኑ ሐሳብ ያቀረበ ነው። ነገር ግን በአባቱ በኩል የአይሁድ ደም ስለነበረበት ያ ራሱ «ዘር አጥሪ» የሆነው ሥርዓት አላስቀመጠውም፤ በ1936 ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። ታሪክ በጎ ሥራን ለንጹሕ እጅ ብቻ አትሰጥም። ካልማንን ለማወደስም ለማውገዝም አንቸኩልም፤ የሠራውን ግን እንመልከት።

በ1955 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የሳይካትሪ ተቋም ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የተለየ ክሊኒክና የጥናት ቡድን ተቋቋመ። ከካልማን ጋር ጆን ሬይነርና ኬኔት አልትሹለር የተባሉ ሐኪሞች፣ ኤድና ሌቪን የተባለችም የሥነ ልቦና ሊቅ ተሰለፉ። ገንዘቡ የመጣው ከፌዴራሉ የሙያ ተሐድሶ መሥሪያ ቤት ነው። ይህን መሥሪያ ቤት ሜሪ ስዊትዘር የተባለች ብርቱ ሴት ትመራው ነበር፤ በውስጡ የመስማት የተሳናቸውን ጉዳይ የያዘው ደግሞ ቦይስ ዊሊያምስ፣ እሱ ራሱ በ17 ዓመቱ በማጅራት ገትር ምክንያት መስማት የተሳነው ሰው ነበር። ይህን ስም ልብ ማለት ይገባል። ስለ ማይሰሙ ሰዎች በሚወስነው ጠረጴዛ ዙሪያ የማይሰማ ሰው መቀመጡ ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ ከሚላኖው ጉባኤ ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

የተሐድሶ ሕጉ ዓላማ በመሠረቱ ሰውን ወደ ሥራ መመለስ ነበር። በ1954 በወጣው ሕግ ለምርምርና ለሠራተኛ ማሠልጠኛም ገንዘብ እንዲመደብ ተፈቅዶ ስለነበር የአእምሮ ጤና በዚህ በር ገባ። መስማት የተሳነው አሜሪካዊ በዚያን ዘመን የሚመራው ወደ ማተሚያ ቤት፣ ወደ ጫማ ጥገና፣ ወደ ዳቦ መጋገሪያ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ጩኸት የማያስቸግረው ሠራተኛ ማግኘት ለአሠሪውም ጥቅም ነበረውና።

ሐኪሞቹ ወደ ክፍለ ግዛቱ የአእምሮ ሐኪም ቤቶች ገብተው ሲያዩ ያገኙት ነገር አሳዛኝ ነበር። መስማት የተሳናቸው ሕሙማን ከሚሰሙት ይልቅ እጅግ ረጅም ዘመን ተዘግተው ይኖራሉ። በሽታቸው ስለከፋ አልነበረም፤ ስኪዞፍሬኒያን የመሰለው ከባድ ሕመም በማይሰሙ ሰዎች ዘንድ ከሚሰሙት ያን ያህል የበዛ ሆኖ አልተገኘም። የሚያክማቸው ስለሌለ ነው የቆዩት። ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ያያል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ሕመምተኛው በብጣሽ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ቢጽፍለት፣ እንግሊዝኛው የሁለተኛ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና፣ ሐኪሙ የሰዋስውን መሰባበር የሐሳብ መሰባበር አድርጎ ያነበዋል። ትኩረት ለመሳብ ጠረጴዛ ቢመታ ወይም ወለሉን በእግሩ ቢያንኳኳ «ቁጡ ነው» ይባላል። በምልክት ቋንቋ የፊት መለዋወጥ የሰዋስው አካል ነው፤ ቅንድብ መነሣቱ ጥያቄን ከሐተታ ይለያል። ይህን የማያውቅ ተመልካች ግን የተጋነነ ስሜት ያያል። በተቃራኒው አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን፣ ለማንም እጁን ማንሣት የተወውን ሰው «ስሜቱ ሞቷል» ብሎ ይመዘግባል።

ስሕተቱ በሌላው አቅጣጫም ይሠራል፤ ይኸኛው ደግሞ ይበልጥ ረቂቅ ነው። በእውነት የታመመ ሰው ምልክቱ ይዘባረቃል፤ ቃል ከቃል አይያያዝም። በመካከል የገባው አስተርጓሚ በቅንነት ያንን ዝብርቅርቅ አስተካክሎ፣ ቀና አድርጎ ለሐኪሙ ያቀርብለታል። ሐኪሙም ጤነኛ ንግግር ሰምቶ ይሸኘዋል። አስተርጓሚው ያስተካከለው ዓረፍተ ነገር የበሽታው ዋና ማስረጃ ነበር። እንግዲህ የቋንቋው መኖር ብቻ አይበቃም፤ ቋንቋው ሲታመም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ዓይን ያስፈልጋል። በልጅነታቸው ምንም ቋንቋ ሳያገኙ ያደጉ ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ወላጅ ምልክት ካላወቀ፣ ትምህርት ቤቱም ምልክት ካገደ፣ ልጁ አእምሮው ቋንቋን በሚቀበልበት ወራት ያለ ቋንቋ ያልፋል። ከዚያ የሚመጣው ጉድለት እብደት አይደለም፤ በመድኃኒትም አይድንም።

በ1963 ሮክላንድ በተባለው የኒውዮርክ ሐኪም ቤት ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ሕሙማን ብቻ የተለየ ክፍል ተከፈተ። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን፣ ሴንት ኤልዛቤትስ በተባለው ታላቅ የፌዴራል ሐኪም ቤት፣ ሉተር ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር ሐኪም ተመሳሳይ ሥራ ጀመረ። ሮቢንሰን ምልክት ራሱም ተማረ፣ ሠራተኞቹንም አስተማረ፤ ኋላም የሐኪም ቤቱ የበላይ ኃላፊ ለመሆን በቅቷል። በእንግሊዝ አገርም በ1968 ፕሬስተን አጠገብ በዊቲንግሃም ሐኪም ቤት በጆን ዴንማርክ መሪነት የዚህ ዓይነት ክፍል ተቋቁሟል።

የሴንት ኤልዛቤትሱ ሥራ ለቴአትር ሰው ልዩ ስሜት ይሰጣል። ሐኪም ቤቱ ቀድሞውንም የሳይኮድራማ መድረክ ነበረው፤ ሕመምተኛው የገዛ ሕይወቱን ትዕይንት እየተወነ ራሱን እንዲያይ የሚደረግበት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ «ጥላ» የሚሆን ረዳት ተዋናይ ከሕመምተኛው ኋላ ቆሞ እሱ ሊናገር ያልቻለውን ይናገርለታል። ለማይሰማ ሰው ግን ከኋላው የቆመ ጥላ የለም ማለት ነው። ጥላው ወደ ፊት መምጣት፣ መታየት፣ እጁን ማሳየት ይኖርበታል። ውስጣዊ ድምፅ የሚባለው ነገር በዓይን ፊት ቆሞ እንዲናገር ሲገደድ የድራማው ሕግ ከሥሩ ይለወጣል። ሮቢንሰንና ባልደረቦቹ መስማት ከተሳናቸው ሕሙማን ጋር ሳይኮድራማን በምልክት ሲያካሂዱ በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ ጭፈራንም ጨምረውበታል።

ሐኪም ቤቱ እጅ መማር ሲጀምር ፍርድ ቤቱ ገና ነበር። በሰኔ 1964 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ መንሲ በተባለች ከተማ፣ በተሐድሶው መሥሪያ ቤት ድጋፍ በተካሄደ ስብሰባ የመጀመሪያው የአስተርጓሚዎች ብሔራዊ መዝገብ ተመሠረተ። እስከዚያ ድረስ ማስተርጎም የዘመድ፣ የቄስና የመምህር ችሮታ እንጂ ሙያ አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በዚያው በኢንዲያና፣ ቲየን ጃክሰን የተባለ የ27 ዓመት ሰው ተከሰሰ። አይሰማም፣ አይናገርም፣ ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ የሚያውቀው ምልክትም ጥቂት ነበር። ክሱ ሁለት ሴቶችን ቀምቷል የሚል ነው። ከአንደኛዋ ዋጋው 4 ዶላር የሆነ ቦርሳ ከነዕቃው፣ ከሁለተኛዋ 5 ዶላር። ጠቅላላው 9 ዶላር ነው። ሐኪሞች ክሱን ሊረዳ እንደማይችል፣ ወደፊትም ይችላል ማለት አጠራጣሪ መሆኑን መሰከሩ። ሐኪሞቹ በእሱ በኩል ሊያነጋግሩት የሞከሩት አስተርጓሚም ጃክሰን ያን የመሰለ ችሎታ የሚማርበት ቦታ ክፍለ ግዛቱ የለውም አለ። ፍርድ ቤቱ ምን ቢወስን ጥሩ ነው? «አእምሮው እስኪመለስ ድረስ» በአእምሮ ጤና መሥሪያ ቤቱ ሥር ይቆይ አለ። ያልታመመ አእምሮ ወዴት ሄዶ ነው የሚመለሰው? ጠበቃው ይህ ያለ ፍርድ የተሰጠ የዕድሜ ልክ እስራት ነው ብሎ ይግባኝ አለ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 7 ቀን 1972 በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በዳኛ ሃሪ ብላክመን የተጻፈው ፍርድ፣ ለመዳኘት ብቁ አይደለም የተባለን ሰው ብቃቱ በቅርቡ ይገኝ እንደሆነ ለማወቅ ከሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ በላይ ማቆየት እንደማይቻል ደነገገ። ተስፋ ከሌለው ወይ እንደማንኛውም ዜጋ በመደበኛው ሥርዓት ለሕክምና ይያዝ፣ ወይ ይለቀቅ። ዛሬ በዚያ አገር በየዓመቱ ለመዳኘት ብቁ አይደሉም የሚባሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ የሚሰሙትም የማይሰሙትም፣ የሚጠበቁት በዚህ ውሳኔ ነው። ያስገኘላቸው በ9 ዶላር የተከሰሰ፣ ስሙን እንኳ መጻፍ ያልተማረ ሰው ነው።

ወደ መድረኩ እንምጣ። የሥነ ልቦና ሊቋ ኤድና ሌቪን ከማይሰሙ ሰዎች ጋር ብዙ ዓመት ስትሠራ አንድ ነገር ገብቷታል። ክሊኒኩ የታመመውን አንድ ሰው ይቀበላል፤ ያልታመመውን ሁሉ እንደታመመ የሚያየውን ኅብረተሰብ ግን ማን ያክመዋል? በ1959 የሄለን ኬለርን የልጅነት ታሪክ የሚያሳይ ተውኔት በኒውዮርክ ሲቀርብ መሪ ተዋናይዋ አን ባንክሮፍትና አዘጋጁ አርተር ፔን ከማይሰሙት ዓለም ጋር ተዋውቀው ነበርና ሌቪን የመስማት የተሳናቸው ሙያዊ ቴአትር ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ ከእነርሱ ጋር አነሣች። የመድረክ ንድፍ ሠሪው ዴቪድ ሄይስም በዚያ ሐሳብ ተያዘ። የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሰምር ቀረ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሄይስ እንደገና አነሣው፤ ቦይስ ዊሊያምስና ሜሪ ስዊትዘር ደገፉት፤ በ1967 በኮነቲከት ክፍለ ግዛት፣ ዋተርፎርድ በሚገኘው የኦኒል ቴአትር ማዕከል፣ የመስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ቴአትር ተመሠረተ።

በዚያው ዓመት ተዋናዮቹ በቴሌቪዥን ሊቀርቡ ሲሉ ተቃውሞ ተነሣ። ተቃዋሚው በቴሌፎኑ ፈልሳፊ በግራሃም ቤል ስም የሚጠራው፣ ማይሰሙ ልጆች በአፍ ብቻ ይናገሩ የሚለው ማኅበር ነበር፤ ዝግጅቱ እንዳይተላለፍ ጣቢያውን ጠየቀ። የሚላኖ መንፈስ ከ87 ዓመት በኋላም አልሞተም ነበር። ጣቢያው ግን አስተላለፈው። በአሜሪካ ሳሎኖች ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰሚዎች እጅ ሲቀኝ አዩ።

ቀኘ ማለቴ ለማሽሞንሞን አይደለም። ዊሊያም ስቶኪ የተባለው የጋሎዴት ኮሌጅ መምህር በ1960 እንዳሳየው ምልክት የነገሮች ሥዕል አይደለም። እያንዳንዱ ቃል ከእጅ ቅርፅ፣ ከሚቆምበት ቦታና ከእንቅስቃሴ ይገነባል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ይህን የፊደላችን ልጅ ለመረዳት ቅርብ ነው። በእኛም አገር መስማት የተሳናቸው ወገኖች የሚጠቀሙበት የጣት ፊደል እንዲሁ የተሠራ ነውና፤ የፊደሉን ቤት የእጁ ቅርፅ ይይዛል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን የድምፅ ለውጥ ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። በምልክት የሚገጥም ገጣሚም አንዱን የእጅ ቅርፅ ሳይለቅ ቦታውንና እንቅስቃሴውን ብቻ እየለወጠ ከቃል ወደ ቃል ይሸጋገራል፤ ቤት የሚመታው በዓይን ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ ባዕድ አይሆንበትም።

ከመሥራቾቹ ተዋናዮች አንዱ በርናርድ ብራግ ፓሪስ ሄዶ ከማርሴል ማርሶ የድምፅ አልባ ትወና ጥበብ የተማረ ነበር። ፊሊስ ፍሬሊችም ከዚያ ቡድን ወጥታ በ1980 የቶኒ ሽልማትን በምርጥ ተዋናይነት አገኘች፤ ቡድኑ ራሱ በ1977 ተሸልሟል። በመድረኩ ላይ የማይሰሙት በምልክት ሲተውኑ፣ የሚሰሙ ተዋናዮች በመካከላቸው ቆመው ቃሉን በድምፅ ያሰሙ ነበር። ማለትም በዚያ መድረክ ላይ የሚተረጎምለት ሰሚው ነው።

በዚህ ቴአትር ላይ አንድ አስተያየት አለኝ። ገንዘቡ ከተሐድሶ በጀት የመጣ በመሆኑ ብቻ ሥራውን እንደ ሕክምና የሚቆጥሩት ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ አባባል ተዋናዩን መልሶ ሕመምተኛ ያደርገዋል። ብራግና ፍሬሊች የታመሙ አልነበሩም፤ ጥበባቸውን በደመወዝ የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ሳይኮድራማ በሐኪም ቤት፣ ተውኔት በቴአትር ቤት ይሠራል፤ ሁለቱ አንድ ቋንቋ ይናገሩ እንጂ አንድ ሥራ አይሠሩም። የሌቪን ብልሃት ሁለቱን ለይታ ሁለቱንም መፈለጓ ላይ ነበር። የመሥሪያ ቤቱም ጥበብ ማተሚያ ቤት ብቻ ሳይሆን መድረክም የሥራ ቦታ ነው ብሎ ማመኑ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጁኒየስ ዊልሰን ጎልድስቦሮ ነበር። ክሊኒኩ ሲከፈት 30 ዓመት ታስሮ ነበር። ቴአትሩ በቴሌቪዥን ሲታይ 41ኛውን ይዟል። ሐኪም ቤቱ በ1965 የዘር መለያየቱን ቢያስቀርም ለእሱ የተለወጠ ነገር የለም። በ1970 የ1925ቱ ክስ ተሰረዘ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያስይዘው አንዳች ሕጋዊ ምክንያት አልነበረም። ሠራተኞቹም እብድ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ሆኖም የሚሄድበት የለውም፣ ግቢውን ለምዷል፣ ማውጣቱ ጭካኔ ይሆናል እየተባለ ሌላ 20 ዓመት አለፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1972 ውሳኔም ራሱን ችሎ በር አይከፍትም፤ ውሳኔውን ይዞ የሚመጣ ሰው ይጠይቃል። ያ ሰው የመጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሞግዚት ተሾመለት፣ ጠበቆች ክፍለ ግዛቱን ከሰሱ። በ1994፣ በ85 ዓመቱ፣ በዚያው በሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ወደ ተዘጋጀለት ትንሽ ቤት ተዛወረ። ከ68 ዓመት በኋላ የራሱ በር ኖረው። በመጋቢት 2001 በ92 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ። ሕይወቱን ሱዛን በርችና ሐና ጆይነር የተባሉ የታሪክ ምሁራን በ2007 በመጽሐፍ አውጥተውታል።

የመጨረሻው ችግር አስተርጓሚ ማግኘት ነበር። በ1990ዎቹ ሠልጥነው የወጡት አስተርጓሚዎች የሚያውቁት ዋናውን የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ነው፤ ሽማግሌው የሚናገረው በልጅነቱ የተማረውን የራሌይን ምልክት ነው። ከዚያ ዘመን ትምህርት ቤት የወጡት አርጅተዋል፣ ሞተዋል። በ2007 አራት ምሁራን ካሜራ ይዘው በስድስት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች የጥቁር መስማት የተሳናቸውን ቋንቋ መመዝገብ ጀመሩ፤ ሥራቸውም በ2011 ታተመ። ካሜራው ከቆመባቸው ከተሞች አንዷ ራሌይ ነበረች። የዊልሰን እጅ ዝም ካለ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።